ሰባተኛው ክብ

ሰኞ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የሆስፒታሉ ቆሻሻ ሰብሳቢ ባዶ ጋሪውን እያንኳኳ ወደ ምድር ቤት ሲወርድ፣ ከደረጃው ግርጌ ነጭ ጋውን የለበሱ ሰው በግንባራቸው ተደፍተው አገኘ። መጀመሪያ የወደቀ ነገር የሚፈልጉ መስሎት «እንደምን አደሩ» አላቸው። መልስ ሲያጣ ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ነካ። እጃቸው እንደ ሲሚንቶው ቀዝቅዟል።

ሟቹ የስቴራላይዜሽን ክፍል ኃላፊ ነበሩ። በሆስፒታሉ ውስጥ ታማሚ የነካ መሣሪያ ሁሉ የሚታጠበው፣ የሚፈተሸውና ከጀርም የሚጸዳው በሳቸው እጅ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት እዚያው ሠርተዋል። በየጠዋቱ ምድር ቤት ወርደው የየዋርዱን ቆሻሻ በኪሎ እየመዘኑ ውጤቱን ኮሪደር ላይ ስለሚለጥፉ፣ ከዳይሬክተሩ እስከ ዘበኛው «ጋሼ ሚዛን» ነበር የሚላቸው።

ምርመራው የተሰጠው ኢንስፔክተር ረጅም፣ ትንሽ ጎበጥ ያለ፣ ንግግሩ የማይቸኩል ሰው ነው። ጣቢያ ውስጥ ከኋላው «ቀስ በል» ይሉታል፤ ከሥሩ ላሉ ሁሉ የሚሰጠው ምክር እሱ ብቻ ስለሆነ።

«አዳልጧቸው ነው» አለ አብሮት የመጣው ሳጅን። «ሽማግሌ ናቸው፣ ደረጃው ደግሞ ቀጥ ያለ ነው።»

«ቀስ በል። ደረጃው እርጥብ ነው?»

«ደረቅ ነው፣ ጌታዬ።»

ኢንስፔክተሩ በርከክ ብሎ የሟቹን እግር አየ። ነጭ የላስቲክ ነጠላ ጫማ አድርገዋል። ሶሉን በጣቱ ጠረግ አደረገው፤ ጣቱ እንደ ነጣ ተመለሰ። ከዚያ የደረጃውን የመጨረሻ ሁለት እርከኖች በዚያው ጣት ነካ። ከማቃጠያው ምድጃ የሚመጣው ጥላሸት ጣቱን አጠቆረው።

«እኚህ ሰው በእግራቸው አልወረዱም» አለ።

ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ከሰዓት በፊት ስልክ ደወለ። የሞቱት እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ከጆሮ ግንዳቸው በላይ ያለው ቁስል የደረጃ ጠርዝ ያደረሰው አይመስልም። የሹል ብረት ማዕዘን ነው። ሐኪሙ ስልኩን ሊዘጋ ሲል ቆየት ብሎ «ወዲያው አልሞቱም» አለ። «ግማሽ ሰዓት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ ሲተነፍሱ ቆይተዋል።»

ኢንስፔክተሩ ቀና ብሎ የድንገተኛ ሕክምናውን በር አየ። ከደረጃው አፍ እስከዚያ አርባ እርምጃ አይሞላም።

የጋሼ ሚዛን ምክትል ሃያ ዓመት አብራቸው የሠራች ነርስ ነበረች። ሁሉም «ሲስተር» ይሏታል። ዓይኗ ቢያብጥም ሥራዋን አላቋረጠችም። ኢንስፔክተሩንም ሆነ ሳጅኑን ጋውን ሳታስለብስና ጫማቸውን ሳታስለውጥ አላስገባቻቸውም።

«ክፍሉ ለሁለት የተከፈለ ነው» አለች። «በዚያኛው በኩል ቆሻሻው ዕቃ ይገባል፤ በዚህኛው ንጹሑ ይወጣል። ነጩ ጫማ የንጹሑ ክፍል ጫማ ነው። ከዚህ በር አያልፍም።»

«ቸኩለው ረስተው ቢሆንስ?»

«ጋሼ?» ሳቅም ልቅሶም የማይባል ድምፅ ወጣት። «ባለፈው ዓመት እሳት ተነስቷል ተብሎ ሁላችንም ስንሮጥ እሳቸው በሩ ላይ ቆመው ጫማ ይለውጡ ነበር።»

ኢንስፔክተሩ በክፍሉ መካከል ወዳለው የብረት ጠረጴዛ ጠጋ አለ። ማዕዘኑ አካባቢ የብረቱ ገጽ ደብዝዞ ትናንሽ የዝገት ነጥብ አውጥቷል። ሲስተር አፍንጫዋን አስጠግታ አሸተተችና ፊቷ ተለወጠ።

«በረኪና ነው። እኛ ይህን ብረት በበረኪና አንነካውም፤ ይበላዋል። የትኛዋም ሠራተኛዬ ይህን አታደርግም።»

«ስለዚህ ያጸዳው ሰው የክፍሉ ሰው አይደለም» አለ ኢንስፔክተሩ፤ ለራሱ እንደሚናገር። «የክፍሉ ሰው ቢሆን ጫማቸውንም ይለውጥላቸው ነበር።»

ከክፍሉ ሲወጡ የግዥ ክፍል ኃላፊዋን ኮሪደር ላይ ስትጠብቃቸው አገኟት። አርባዎቹን ያጋመሰች፣ ቁጥብ አለባበስ ያላት ሴት ናት። ለቅሶው ፊቷን አጥቁሮታል። ከአሥራ አንድ ሆስፒታሎች የተጠሩ እንግዶች በዚያው ጠዋት በሦስት ሰዓት ሊመጡ እንደነበር፣ ጉብኝቱን አሁን እንደሰረዘችው ነገረቻቸው።

«እኔና ጋሼ ከባዶ ነው የጀመርነው» አለች። «ይህ ሆስፒታል ከአምስት ዓመት በፊት አንድ ጊዜ የተነካ ነገር ሁሉ ይጥል ነበር። ጋውኑን፣ መቀሱን፣ የልብ ቱቦውን። አሁን ሊታጠብ የሚችል ዕቃ ካልሆነ አንገዛም። ቆሻሻችን በግማሽ ቀንሷል። እንግዶቹ የሚመጡት ይህን ሊያዩ ነበር።»

«የሚጠላቸው ሰው ነበር?»

መሬት መሬት አየች። «ሰው መክሰስ አልፈልግም። ግን የልብ ሐኪሙ ከሦስት ሳምንት በፊት በሰው ፊት አዋርዷቸዋል። የሟቿ ባል ደግሞ እዚሁ በር ላይ አንገታቸውን አንቋቸው ነበር።»

«የትኛዋ ሟች?»

«አንዲት መምህርት። ቱቦው ልቧ ውስጥ እያለ ጫፉ ተሰበረ።»

«እርስዎስ እሑድ የት ነበሩ?»

«አዳራሽ ውስጥ። ፎቶ ስሰቅል ዋልኩ። ከዚያ ንቅንቅ አላልኩም።»

የሟቹ ባለቤት ቤት ጠባብና ንጹሕ ነበር። ወይዘሮዋ በጎረቤቶቻቸው መካከል ተቀምጠው ኢንስፔክተሩን ከጎናቸው አስቀመጡት።

«እሑድ ምሳ በልቶ ስምንት ሰዓት ላይ ወጣ» አሉ። «'ሰው ቀጥሮኛል፣ ከነገ በፊት የሚያልቅ ነገር አለ' አለኝ። ማን እንደሆነ አልነገረኝም።»

«ምን ይዘው ነበር፣ እናቴ?»

«ቡናማ ፖስታ። ዓርብ ማታ ይዞት ከገባ ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ሲቀመጥ ሲነሳ ዋለ። 'ሰኞ በእንግዶቹ ፊት ራሴ እናገራለሁ' አለኝ። 'ከዚያ ወደ በያጁ ሄጄ እነግረዋለሁ' አለ። የትኛው በያጅ ስለው ወደ መኝታው ገባ።»

ፖስታው በሟቹ ኪስም፣ በቢሯቸውም፣ በቤታቸውም አልነበረም።

በያጁ የመምህርቷ ባል ነበር። ኢንስፔክተሩና ሳጅኑ በር እየሠራ አገኙት። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ አያቸው። ደረቱ ሰፊ፣ እጁ በእሳት ፍንጣሪ የተጠቃጠቀ ሰው ነው።

«አንቀሃቸዋል ይባላል» አለ ሳጅኑ።

«አዎ።»

«እሑድ ከሰዓት የት ነበርክ?»

«እቤቴ። ሚስቴ የተከለችውን አትክልት ሳጠጣ።»

«ያየህ ሰው አለ?»

በያጁ ትንሽ አሰበ። «አንድ ሰው አይቶኛል። ለእናንተ ደፍሮ አይናገርም እንጂ።» ወደ ኢንስፔክተሩ ዞረ። «ዶክተሩ ነው። ግራጫ መኪናውን ከአጥሬ ማዶ አቁሞ ከዘጠኝ ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ተቀምጧል። ያላየሁት መስሎታል። ሁለት ጊዜ በሩን ከፈተ፣ ሁለቴም መልሶ ዘጋው። እኔም ግባ አላልኩትም።»

የልብ ሐኪሙ ግን ጠዋት በሰጠው ቃል እሑድን ከሰዓት በኋላ ተኝቶ እንዳሳለፈ ነበር የተናገረው። የቤቱ ሠራተኛ ደግሞ መኪናው ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ግቢ ውስጥ እንዳልነበረ መስክራለች። ሳጅኑ ለዚህ ሐኪም የእጅ ካቴና አዘጋጅቶ ነበር።

«ቀስ በል» አለው ኢንስፔክተሩ፤ ከሐኪሙ ፊት ለፊት ተቀምጦም «እሑድ አልተኙም፣ ዶክተር» አለው።

ሐኪሙ አልተከራከረም። ስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። በእጄ ሰው ሞቶብኝ ያውቃል። ግን መሣሪያ እጄ ውስጥ ተሰብሮ አያውቅም። ለባሏ ምን ብዬ እንደምነግረው ሳስብ ሦስት ሰዓት አለፈ።»

«ጋሼ ሚዛንን ለምን ሰደቡ?»

«ጥፋቱን የማሳርፍበት ሰው ፈልጌ ነው» አለ፤ ፊቱን ሳያዞር። «ያኔ ምን እንዳሉኝ ያውቃሉ? 'ካርዱን አምጡልኝ' ብቻ ነው ያሉት።»

ሲስተር ካርዶቹን ከብረት ሳጥን አወጣች። ለእያንዳንዱ ቱቦ አንድ ካርድ አለ። በብሽሽት ገብቶ እስከ ልብ የሚሄደው ይህ ቀጭን ቱቦ ማሸጊያው ላይ «ለአንድ ጊዜ ብቻ» ተብሎ ተጽፎበታል። ጋሼ ሚዛን ሁለት ዓመት ሙሉ እያጠቡ፣ በማጉያ እያዩ፣ እያጠፉና እየዘረጉ ሞክረውት እስከ አምስት ጊዜ ያለችግር እንደሚያገለግል አረጋግጠዋል። አንድ ታማሚ ባገለገለ ቁጥር ካርዱ ላይ አንድ ክብ ይሳላል። አምስተኛው ክብ ሲሳል ቱቦው ይወገዳል።

መምህርቷ ላይ የተሰበረው ቱቦ ካርድ ላይ ሰባት ክብ ነበር።

«አምስት አላልሽኝም?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ከአራት ወር በፊት ስምንት ይሁን የሚል ደብዳቤ መጣ።» ሲስተር ደብዳቤውን ከሳጥኑ አውጥታ አሳየችው። «ከግዥ ክፍል ነው። 'በውጭ ላቦራቶሪ ተፈትኖ ስለተረጋገጠ' ይላል። ጋሼ ውጤቱን አሳዩኝ ብለው ደጋግመው ጠየቁ፤ 'ይመጣል' ይሏቸው ነበር። ደብዳቤው ላይ የዳይሬክተሩ ፊርማ ስላለ ሠራን። ሠራን...» ቃሉን ሁለት ጊዜ አለችውና ካርዱን ወደ ሳጥኑ መለሰች።

ኢንስፔክተሩ ላቦራቶሪው ጋ ደወለ። ያነሳው ሰው መዝገብ አገላብጦ መለሰለት።

«ውጤቱን ሁለት ጊዜ ሰጥተናል። መጀመሪያ፣ ከአራት ወር በፊት፣ ለግዥ ክፍሉ። ያለፈው ዓርብ ደግሞ አንድ ነጭ ፀጉር ያላቸው ሰውዬ ራሳቸው መጥተው ግልባጩን ወሰዱ።»

«ምን ይላል?»

«እስከ አምስት ድረስ ጤናማ ነው። ከስድስተኛው ጀምሮ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊጀምር ይችላል።»

ሳጅኑ ወዲያው ሊነሳ ሲል ኢንስፔክተሩ በዓይኑ አስቀመጠው። ደብዳቤ መደበቅና ሰው መግደል ለየቅል ናቸው። ሴትዮዋ አዳራሽ ውስጥ ነበርኩ ብላለች፤ ዘበኛውም ከአዳራሹ ወጥታ ወደ ቤቷ ስትሄድ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አይቷታል። በመካከሉ ወደ ስቴራላይዜሽን ክፍሉ ስትወርድ ያየ ሰው የለም።

ማክሰኞ ጠዋት ኢንስፔክተሩ እንደገና ወደ ንጹሑ ክፍል መጣ። በሩ ላይ ጋውን ሲለብስ እጁ ቆመ።

«ሲስተር፣ ይህ አረንጓዴ ጋውን የማን ነው?»

«የእንግዳ ነው። የኛ ነጭ ነው። ከውጭ የሚመጣ ሰው አረንጓዴውን ይለብሳል፤ ጋሼ ዳይሬክተሩንም ቢሆን ያለሱ አያስገቡም። ድሮ የወረቀት ነበር፣ ለብሰን እንጥለው ነበር። አሁን ጨርቅ ነው። ስድስት አለን፤ ሁሉም ቁጥር አላቸው።»

መስቀያው ላይ አራት ተንጠልጥለዋል። አንዱ በሱ ገላ ላይ ነው። ሁለቱም ቆጠሩ። ባለ አራት ቁጥሩ የለም።

ልብስ ማጠቢያው ከሕንጻው ጀርባ ነው። ኃላፊዋ ወፍራም፣ ድምፀ ጎርናና እናት ናቸው፤ ከማሽኑ ድምፅ በላይ ስለሚናገሩ ሁሉም የሚጮሁ ይመስለዋል።

«አራት ቁጥር? እኔ ጋ አለ» አሉ። «አላጠብኩትም። መታጠብ የለበትም ብዬ አይደለም፤ የመጣው ከአስተዳደር ፎቅ ጆንያ ውስጥ ነው። ከዚያ የሚመጣልኝ መጋረጃና የጠረጴዛ ልብስ ነው። ይህ እንዴት እዚያ ገባ ብዬ ሲስተርን ልጠይቃት ለብቻው አስቀመጥኩት። ከዚያ ለቅሶ ሆነ።»

ከመደርደሪያው አውርደው ሰጡት። የቀኝ እጅጌው ጫፍ ላይ የደረቀ ደም አለ። ኢንስፔክተሩ ኪሱን በጥንቃቄ ከፈተ። ሁለት ሰማያዊ ራስ ያላቸው የሰሌዳ ስፒሎች ነበሩበት።

አዳራሹ ባዶ ነበር። ወንበሮቹ ለእንግዶቹ እንደተደረደሩ ናቸው። ግድግዳው ዙሪያውን በፎቶ ተሞልቷል፦ የማቃጠያው ጭስ፣ የቆሻሻ ክምር፣ ከዚያ እየቀነሰ የሚሄድ ክምር፣ ጋሼ ሚዛን ማጉያ ላይ ጎንበስ ብለው። ሁሉም በሰማያዊ ስፒል ተሰክተዋል።

የግዥ ክፍል ኃላፊዋ ፎቶዎቹን እያወረደች ነበር። ኢንስፔክተሩ አንደኛውን ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ጋውኑ ያለበትን ከረጢት ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ስታየው ሥራዋን አቆመች።

«መጣል ይችሉ ነበር» አላት።

«የት?» አለች ቀስ ብላ። «እዚህ ቤት ጨርቅ የጣለ ሰው በማግስቱ ይታወቃል። እንዲታወቅ ያደረግነው እኛው ነን።»

ሌላ ወንበር ሳበችና ከፊቱ ተቀመጠች። ኢንስፔክተሩ አልጠየቃትም። ራሷ ጀመረች።

«እናቴ የሆስፒታል ቆሻሻ ትለቅም ነበር። ከሆስፒታል ጀርባ ካለው ክምር ላይ። መርፌ ወጋት። ጉበቷ ሲያልቅ ዘጠኝ ወር አስታመምኳት። ይህን ሥራ የያዝኩት ለዚያ ነው። አንድም ጆንያ እንዳይወጣ።»

«አምስት ጊዜ አይበቃም ነበር?»

«ይበቃ ነበር። አሁን ሳስበው ይበቃ ነበር። ግን ስምንት ብንል ሌሎቹም ይከተሉናል ብዬ አሰብኩ። የላቦራቶሪው ደብዳቤ ሲመጣ 'ይችላል' የሚለው ቃል ላይ ተንጠለጠልኩ። 'ስንጥቅ ሊጀምር ይችላል' ይላል። ላይጀምርም ይችላል አልኩ። ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።»

«መምህርቷ ስትሞትስ?»

«ስንተኛው እንደሆነ ሳልጠይቅ አውቄዋለሁ።»

እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልታነጋግራቸው የቀጠረቻቸው እሷ ነበረች። ጋሼ ሚዛን በሩ ላይ ጋውኑን ሰጧት፤ ለበሰችው። ፖስታውን አሳዩዋት። ነገ እናገራለሁ አሉ። ለመነቻቸው። «ከተናገሩ ሁሉንም ይዘጉታል፣ ጋሼ፣ ወደ መጣሉ እንመለሳለን» አለቻቸው። እሳቸውም «ከዋሸን ቀድሞውኑ ዘግተነዋል፣ ልጄ» አሏት። ፖስታውን ያዘች፤ አለቀቁም። ገፋቻቸው። ሰውነታቸው ቀላል ነበር። የጠረጴዛው ማዕዘን አገኛቸው። ማዕዘኑን በበረኪና አጠበች፤ እሳቸውንም በዕቃ ጋሪ እስከ ምድር ቤቱ ደረጃ ገፍታ ወስዳ ጣለቻቸው።

«የሞቱ መሰለኝ» አለች።

«በጋሪ ሲገፏቸው ይተነፍሱ ነበር» አለ ኢንስፔክተሩ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ሬሳውን የመረመረው ሐኪም እንዲህ ይላል። ድንገተኛው ክፍል አርባ እርምጃ ነበር።»

ሴትዮዋ እጆቿን ጭኗ ላይ አያያዘች።

«ሰምቻለሁ» አለች። «ትንፋሻቸውን ሰምቻለሁ። ቢነቁ እንደሚናገሩ አሰብኩ።»

ሳጅኑ በሩን ሲከፍትላት ራሷ ቀድማ ወጣች። ፖስታው እቤቷ፣ በእናቷ ፎቶ ጀርባ ተገኘ።

በማግስቱ ከሰዓት ኢንስፔክተሩ ብቻውን ወደ በያጁ ሄደ። ሥራው አልቆለት ነበር፤ ሆኖም ማንም ሳያዘው ሄደ። ያልተነገረ ነገር አለ ብሎ ስላሰበ ነው። በያጁ ማሽኑን አጠፋና መነጽሩን አወለቀ።

ኢንስፔክተሩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረው። ካርዱን፣ ደብዳቤውን፣ ፖስታውን። ሰውየው ሳያቋርጥ ሰማ።

«ስንተኛዋ ነበረች?» አለ።

«ሰባተኛ።»

«አምስተኛ ብትሆን ትተርፍ ነበር?»

«ሐኪም አይደለሁም። ቱቦው ግን አይሰበርም ነበር።»

በያጁ ያልተጨረሰው በር ላይ እጁን አሳረፈ። ብረቱ ገና ሙቅ ነበር፤ እጁን ግን አላነሳም።

«ሽማግሌው ሊነግሩኝ ነበር?»

«ሰኞ በእንግዶቹ ፊት ተናግረው ከዚያ ወደዚህ ሊመጡ ነበር። ለባለቤታቸው እንዲህ ብለዋል።»

«እኔ አንገታቸውን ይዤ 'አንተ ነህ የገደልካት' አልኳቸው። ዝም አሉኝ። ንቀት መሰለኝ።»

«ያኔ አያውቁም ነበር። እርስዎ ከሄዱ በኋላ ነው መፈለግ የጀመሩት።»

ሰውየው ወደ ጓዳ ገብቶ እጁን በሳሙና ለረጅም ጊዜ ታጠበ። ሲመለስ ኮት ደርቧል።

«ቤታቸውን ያሳዩኛል?» አለ።

ሃያ ደቂቃ ያህል በእግራቸው ሄዱ። ቤቱ ውስጥ ለቅሶኛው ሳስቷል። ወይዘሮዋ በሩ ላይ የቆመውን ሰፊ ሰው ቀና ብለው አዩ።

«ማን ልበል፣ ልጄ?»

«የመምህርቷ ባል ነኝ።»

ወይዘሮዋ አላለቀሱም። ከጎናቸው የተቀመጠችውን ጎረቤት እጇን ነካ አድርገው አስነሷትና ቦታውን በእጃቸው መታ መታ አደረጉለት። ሰውየው ጎንበስ ብሎ ገባና ተቀመጠ። ኢንስፔክተሩ በሩን ገርበብ አድርጎላቸው ወጣ።